ዝግባ ስትዝል

መጀመሪያ የከዳኝ የግራ ዓይኔ ቆብ ነው። ትምህርት በተከፈተ ሰሞን፣ አመሻሽ ላይ ኮምፒውተር ፊት ስቀመጥ ቀስ እያለ ይወርድብኝ ጀመር። በጣቴ ገፋ አደርገዋለሁ፤ ተመልሶ ይወርዳል። ጠዋት ስነሣ ግን ምንም የለም፤ ሁለቱም ዓይኖቼ መስታወቱ ውስጥ እኩል ተከፍተው ያዩኛል። እንቅልፍ ነው ብዬ አለፍኩት። በኋላ ትንፋሼን ሊወስደው የነበረው ያ እንቅልፍ ነው ብዬ ያለፍኩት ነገር ነው። ይህን የምጽፈው፣ ምናልባት አሁን አንድ ሰው መስታወት ፊት ቆሞ የዓይኑን ቆብ በጣቱ እየገፋ ከሆነ፣ እኔ ያባከንኩትን ጊዜ እሱ እንዳያባክነው ብዬ ነው።

ምሕረት እባላለሁ። ያኔ የአራተኛ ክፍል አስተማሪ ነበርኩ። የምኖረው መሪ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከባለቤቴ ከዮናስ ጋር ከተጋባን ገና ዓመት አልሞላንም። ዮናስ ሰርቬየር ነው፤ መሬት ይለካል፤ መንገድ የሚሠራ ድርጅት ቀጥሮት የሠርጋችን ፎቶ ታጥቦ ሳይመጣ ጋምቤላ በኩል ወዳለ ካምፕ ሄደ። ስልክ እዚያ አንድ ቀን ቢሠራ ብዙ ቀን ይጠፋል። ካምፑ ውስጥ ግን ለሥራ ተብሎ የተተከለ የሳተላይት ኢንተርኔት ነበር፤ ከእራት በኋላ ሠራተኞቹም እንዲጠቀሙበት ይፈቀድላቸዋል።

ዮናስ ከተማሪነቱ ጀምሮ የሚጫወተው አንድ የቆየ የኢንተርኔት ጨዋታ አለ። ከየአገሩ ያሉ ሰዎች የየራሳቸውን ገጸ ባሕርይ ፈጥረው፣ በአንድ ትልቅ ምናባዊ ዓለም ውስጥ አብረው የሚጓዙበትና ከጭራቅ የሚዋጉበት ነው። ሥዕሉ ያረጀ፣ ለደካማ ኢንተርኔት የማይከብድ ስለሆነ ሊሄድ ሲል ለእኔም ኮምፒውተሬ ላይ ጫነልኝ። ሰይፍ መያዝ አልፈልግም አልኩት። እንግዲያስ ድሩይድ ሁኚ አለኝ። በጨዋታው ታሪክ ድሩይድ ማለት ጫካ ውስጥ የምትኖር፣ የዛፍና የአውሬ ቋንቋ የምታውቅ ጠቢብ ናት። ስትፈልግ አጋዘን፣ ስትፈልግ ድብ፣ ስትፈልግ ወፍ ትሆናለች። ዋናው ሥራዋ ግን የቆሰሉ ጓደኞቿን ማዳን ነው። ወደድኳት። ስሟን ዝግባ አልኳት። ከሌላ አገር ያሉት ተጫዋቾች ስሟን በትክክል ጽፈውት አያውቁም።

የዮናስ ተዋጊ ደግሞ ጋሻው ይባላል። ጋሻው ከፊት ቆሞ ይመክታል፤ ዝግባ ከኋላው ቆማ፣ እኔ የቁጥር ቁልፎቹን በተጫንኩ ቁጥር፣ ቁስሉን ታድናለች። እየተዋጋንም እየተጓዝንም አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል እየጻፍን እናወራለን። ዛሬ ምን በላህ፣ ዝናቡ ቆመ ወይ፣ ልጆቹ አስቸገሩሽ ወይ። አንዳንድ ቀን መዋጋቱን ትተን ጫካው ውስጥ ዝም ብለን እንሄዳለን። ከመስኮቴ ውጪ የባቡሩን ሐዲድ ለመዘርጋት የሲኤምሲን መንገድ የሚቆፍሩት ማሽኖች ይጮኻሉ፤ አቧራው እስከ አራተኛ ፎቅ ይወጣል። እኔ ግን ባሌ አጠገቤ አለ፤ ቅጠል እየረገጥን ነው። ለሌላ ሰው የልጅ ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ለእኛ ቤታችን ነበር፤ ሌላ አብረን የምንኖርበት ቤት አልነበረንማ።

ጥቅምት ላይ ጋሻው ሁለት ሆኖ ይታየኝ ጀመር። አንዱ ቦታው ላይ ቆሟል፤ ሌላው ትንሽ ከፍ ብሎ ጎኑ ላይ ተለጥፏል። አንድ ዓይኔን ስሸፍን አንድ ይሆናል። መገናኛ አካባቢ ወዳለ የዓይን ክሊኒክ ሄድኩ። ከጠዋት ጀምሮ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረን ጠበቅን፤ ተራዬ ሲደርስ ዓይኖቼ አርፈው ስለነበር ሁሉንም ፊደል እስከ ታችኛው መስመር አነበብኩ። የመረመረኝ ባለሙያ ኮምፒውተር ላይ ብዙ እቀመጥ እንደሆነ ጠየቀኝ። አዎ ስለው ምክንያቱ የተገኘ መስሎት መነጽር አዘዘልኝ። በመነጽሩ ጋሻው ይበልጥ ጠርቶ ሁለት ሆነ።

ከዚያ ድምፄ ተራውን ያዘ። ጠዋት ክፍል ስገባ ደህና ነኝ፤ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ቃላቱ በአፍንጫዬ መውጣት ይጀምራሉ፤ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ምላሴ ይተሳሰራል። ልጆቹ መጀመሪያ ሳቁ፤ በኋላ ዝም ብለው ያዩኝ ጀመር። አንድ ቀን ርዕሰ መምህሯ ቢሮዋ ጠራችኝ። በሩን ዘጋች፤ ውሃ ቀዳችልኝ፤ ከዚያ ዓይኔን ሳታይ አንድ ወላጅ መምህርቷ ጠጥታ ነው የምታስተምረው ብሎ እንደተናገረ ነገረችኝ። እኔ ጠጅ እንኳ ቀምሼ አላውቅም። ያንን ልነግራት አፌን ስከፍት የወጣው ድምፅ የሰከረ ሰው ድምፅ ነበር። ያን ዕለት ወደ ቤት ስሄድ ታክሲ ውስጥ ለረዳቱ ወራጅ ማለት ፈርቼ መውረጃዬን አለፍኩ።

ለዮናስ አልነገርኩትም። ምን ብዬ ልንገረው? ዓይኔ ተንጠለጠለ፣ ምላሴ ተሳሰረ? በዚያ ርቀት ሆኖ ከመጨነቅ በቀር ምን ያደርጋል? ዝግባ አትንተባተብም፤ ዓይኗም አይወድቅም። በእሷ ውስጥ ሆኜ ጤነኛ መስዬ ማምሸት ተሻለኝ።

እሱም አልቆየም። አንድ ማታ ከሌሎች ሦስት ተጫዋቾች ጋር ሆነን አንድ ትልቅ ዋሻ ገባን። መጀመሪያ ላይ ጥሩ ነበርኩ። እየቆየ ሲሄድ ጣቶቼ ቁልፉን መጫን አቃታቸው። አላመሙኝም፤ አልደነዘዙም፤ ብቻ አልታዘዝም አሉ። ጋሻው ሲቆስል አየዋለሁ፤ የትኛውን ቁጥር መጫን እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ጣቴ ቁልፉ ላይ አርፎ አይወርድም። ጋሻው ወደቀ። ሌሎቹም ተራ በተራ ወደቁ። እንግዶቹ ተናደው ወጡ። ዮናስ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦

«ሰሞኑን ልብሽ እዚህ የለም። ከሰለቸሽ ንገሪኝ።»

ስለ ጨዋታው ብቻ የተናገረ አልመሰለኝም። መልስ ልጽፍ ሞከርኩ፤ ጣቶቼ ሁለት ፊደል ጽፈው ደከሙ። ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን አልገባሁም። ማሽኖቹ መቆፈራቸውን ሲያቆሙ ቤቱ ጭር ይላል፤ እኔ የተዘጋውን ኮምፒውተር እያየሁ ጫካው ውስጥ የሚሰማውን የቅጠል ድምፅ እናፍቃለሁ።

እናቴ የምትኖረው የካ ሚካኤል፣ እኔ ያደግኩበት ቤት ነው። በስልክ ድምፄን ሰምታ ጉንፋን ነው ብላትም በነጋታው ሻንጣዋን ይዛ መጣች። ምሳ አብረን ስንበላ አገጬን በእጄ ደግፌ ሳኝክ አየችኝ። የጠጣሁት ውሃ በአፍንጫዬ ሲመለስም አየች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግቤን እያላመች፣ ሾርባውን እያወፈረች ታቀርብልኝ ጀመር። ስለምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም።

አንድ ቀን ዝግባን ከፍቼ ጫካው ውስጥ ቆማ ሳያት እናቴ ከኋላዬ መጣች። ይቺ ሴትዮ ማን ናት አለችኝ። ዛፍ የምትጠብቅ፣ የታመመ የምታድን ናት አልኳት። መነጽሯን አድርጋ ቀረብ ብላ አየቻት።

«አንቺን ብታድንልኝ ምን ነበር» አለች።

ዝግባንም ኮምፒውተሩንም አልረገመችም። ጎረቤቶች የሰው ዓይን ነው፣ ኮምፒውተሩ ላይ የምታየው መንፈስ ነው ሲሏት ትሰማቸዋለች፤ አትመልስላቸውም። እኔን ግን ጠዋት ጠዋት ወደ የካ ሚካኤል ጸበል ወሰደችኝ። ሄድኩ። ጠዋት ስለሆነ ደህና ሆኜ እመለሳለሁ፤ እሷ ተስፋ ታደርጋለች፤ ማታ ሲሆን ተስፋዋ ከዓይኔ ቆብ ጋር አብሮ ይወርዳል። የሷን ፊት ማየት ከሕመሙ በለጠብኝ።

በዚያው ሰሞን ሌሎች ክሊኒኮችም ሄድኩ። አንዱ ደም ማነስ ነው ብሎ እንክብል ሰጠኝ። ሌላው ብዙ ካዳመጠኝ በኋላ ባልሽ የት ነው የሚሠራው ብሎ ጠየቀኝ፤ ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። ጭንቀት ነው፣ አዲስ ሙሽራ ብቻዋን ስትሆን ያጋጥማል አለኝ። ክፋት አልነበረበትም። አመንኩትም። ናፍቆት ሰውን እንዲህ ማድረግ ይችል ይሆናል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ናፍቆቴን የማውቀው እኔ ነኛ።

ዮናስ ያንን መልእክት በጻፈ በሳምንታት ውስጥ ብዙ ደብዳቤ በኢሜይል ላከልኝ። ይቅርታ ጠየቀኝ። አንድ እሑድ ጠዋት፣ እሱም ሥራ የማይገባበት ቀን ስለነበር፣ ለትንሽ ጊዜ እንኳ ግቢ ብሎ ለመነኝ። ገባሁ። ጋሻው ጫካው መግቢያ ላይ ቆሟል። ጠዋት ስለነበር ጣቶቼ እንደ ድሮው ሆኑልኝ። ቀላል ውጊያ ገባን፤ አዳንኩት፤ ወፍ ሆኜ ከራሱ በላይ ዞርኩ፤ ዮናስ ሃሃሃ ብሎ ጻፈ። ከዚያ ቀስ በቀስ ደከምኩ። ሻይ ልጠጣ ብዬ ጻፍኩለትና ትንሽ ዓይኔን ጨፍኜ አረፍኩ። ስመለስ እንደገና ደህና ነበርኩ።

ዮናስ የሚለካ ሰው ነው፤ ሥራው ነው። እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦

«ምሕረት፣ የምታዘበው ነገር አለ። ስትጀምሪ ማንም አይችልሽም። ከዚያ እየቀነስሽ ትሄጃለሽ። ስታርፊ ትመለሻለሽ። ሁልጊዜ እንደዚህ ነው። የሰለቸው ሰው እንደዚህ አይሆንም። ምንድን ነው የደበቅሽኝ?»

ሁሉንም ጻፍኩለት። ዓይኔን፣ ድምፄን፣ ምግቡን፣ ወላጁ ያለውን። እየደከመኝ፣ እያረፍኩ፣ ጻፍኩለት። ይህንኑ ስትደክሚና ስታርፊ የሚሆነውን ለሐኪም ንገሪ አለኝ። ለካ በየክሊኒኩ ዓይኔ ይወርዳል፣ ድምፄ ይሰልላል እላለሁ እንጂ፣ ሥራ ሲበዛበት ይደክማል፣ ሲያርፍ ይመለሳል ብዬ አንድም ቀን ተናግሬ አላውቅም። የጠየቀኝም የለም።

ልነግር ሳልበቃ ብርድ መታኝና አተኮሰኝ። እናቴ ቅርብ ወዳለ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ደሜን አይተው ታይፎይድ ነው አሉኝ፤ የአዲስ አበባ ሰው ትኩሳት ሲይዘው ምን እንደሚባል እናውቃለን። ጠንከር ያለ ፀረ ባክቴሪያ እንክብል ሰጡኝ። ጥቂት ቀን እንደዋጥኩ አንገቴ ጭንቅላቴን መሸከም አቃተው። ምራቄን መዋጥ ተሳነኝ። ተኝቼ ሳለ ትንፋሼ እያጠረ መጣ፤ ሳንባዬ አየር ለመሳብ አቅም ያጣ ይመስላል። እናቴ ጎረቤት ጠራች፤ ወንበር ላይ አስቀምጠው አራቱን ፎቅ ተሸክመው አወረዱኝ። ኮንትራት ታክሲ ያዝን። መንገዱ ተቆፋፍሮ ስለነበር በሠፈር ውስጥ በጠማማ መንገድ እየዞርን ሲግናል የሚባለውን ሠፈር እስክናልፍ ድረስ እናቴ አገጬን በመዳፏ ከፍ አድርጋ ይዛ ነበር። እኔ በአንድ ጣቴ ለዮናስ በኢሜይል አጭር መልእክት ላክሁ፤ ሆስፒታል እየሄድኩ ነው የሚል።

ድንገተኛ ክፍሉ ኮሪደር ላይ አልጋ አልነበረም፤ በዚያው ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ተረኛው ሐኪም ወጣት ነው፤ ደክሞታል፤ ግን ጎንበስ ብሎ ፊቴን አየ። ምን ይሰማሻል አለኝ። ልናገር አልቻልኩም። እናቴ ታይፎይድ ይዟታል አለችው። በዚያን ጊዜ ስልኬ ጠራ። ዮናስ መልእክቴን በካምፑ ኢንተርኔት አይቶ፣ ኔትወርክ የሚያገኝበት ኮረብታ ላይ ወጥቶ ነበር። እናቴ አንሥታ፣ ሐኪሙ ዘንድ ነን ስትለው፣ ለሐኪሙ ስጭልኝ አላት።

ሐኪሙ ስልኩን ይዞ ሲያዳምጥ ፊቱን አየሁት። መጀመሪያ ቅንድቡ ተሰበሰበ፤ ጨዋታ የሚል ቃል ሲሰማ መሰለኝ። ከዚያ መጠየቅ ጀመረ። ካረፈች በኋላ? ጠዋትስ? እጇ ብቻ ነው ወይስ ዓይኗም? አዎ፣ አዎ ይላል። ስልኩን መልሶ ሰጣትና ወደ ጣሪያው ተመልከቺ አለኝ። ተመለከትኩ። ሁለቱም የዓይኔ ቆቦች ቀስ ብለው ወረዱና ጣሪያው ጠፋኝ። ነርሷን በረዶ አምጪልኝ አላት። ከመድኃኒት ማቀዝቀዣው አመጣችለት፤ በጓንት ጠቅልሎ የግራ ዓይኔ ላይ ያዘው። በጣም ይቀዘቅዛል። ጥቂት ቆይቶ አነሣው።

እናቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ከስንት ጊዜ በኋላ የግራ ዓይኔ አመሻሽ ላይ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ነበር።

«ልጄ፣ ዳነች?» አለችው።

«አልዳነችም፣ እናቴ» አላት። «ግን አሁን ምን እንደያዛት አወቅን።»

ማያስቴኒያ ግራቪስ ይባላል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ነርቭ ለጡንቻ ተንቀሳቀስ ብሎ መልእክት ይልካል። በዚህ በሽታ የገዛ ሰውነታችን መከላከያ ተሳስቶ መልእክቱ የሚደርስበትን በር ያበላሻል። ጡንቻው ጤነኛ ነው፤ ነርቩም ጤነኛ ነው፤ መልእክቱ ነው የማይደርሰው። ሲታረፍ ትንሽ ይጠራቀምና እንደገና ይሠራል፤ ሲሠራበት ያልቃል። ቅዝቃዜ ደግሞ መልእክቱ ቶሎ እንዳይባክን ይረዳል፤ በረዶው ለዚያ ነው። የተሰጠኝ እንክብል ይህ በሽታ ላለበት ሰው አደገኛ እንደነበረም ነገረኝ፤ ያቺን ትንሽ መልእክትም ያፍናታል። ክሊኒኩ ስለ በሽታው አያውቅም፤ እኔም አላውቅም ነበር።

ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል አስገቡኝ። የትንፋሽ መሣሪያው አልጋዬ አጠገብ ተዘጋጅቶ ቆመ፤ ለጥቂት ነው ሳልገባበት የቀረሁት። እንቅልፍ ፈራሁ። ከተኛሁ መተንፈስ የምረሳ ይመስለኛል። መጣራት ስለማልችል አንዷ ነርስ ማንኪያ እጄ ላይ አስያዘችኝ፤ ስትፈልጊኝ የአልጋውን ብረት ምቺበት አለችኝ። አንድም ቀን መትቼ ሳትመጣ ቀርታ አታውቅም። ሌላ ጊዜ ምንም ሳልመታ መጥታ ማንኪያውን ጣቶቼ መሃል ታስተካክልልኛለች።

እዚያ ተኝቼ ያሰብኩት ስለ ሞት ብቻ አልነበረም። ዝግባን አሰብኳት። አጋዘን ሆና ስትሮጥ ሣሩ እንዴት እንደሚከፈትላት፣ ወፍ ስትሆን መሬቱ እንዴት እንደሚርቅ። እሷ መሮጥ ስታስብ ትሮጣለች። እኔ መዋጥ አስቤ መዋጥ አልችልም። ሰው የራሱን ሰውነት እንደ ሩቅ አገር ሊናፍቅ እንደሚችል ያኔ ነው ያወቅኩት።

ዮናስ መንገድ ላይ አድሮ ደረሰ። አቧራ ጠጥቶ፣ ጠቁሮ፣ ከስቶ ነበር። ሰላም ለማለት አፌን ስከፍት ተይ አታውሪ፣ ትደክሚያለሽ አለኝና ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። ያገባሁትን ሰው ከስንት ወር በኋላ አየሁት፤ ሁለት ሆኖ ነበር። አንድ ዓይኔን ጨፍኜ አንዱን አየሁት። መዋጥ ሲመለስልኝ ወፈር ያለ አጥሚት በማንኪያ እየቀዳ፣ አገጬን እየጠረገ አጠጣኝ። እናቴ ተነሥታ ወጣች፤ በኋላ ኮሪደሩ ላይ ስታለቅስ እንደነበር ነርሷ ነገረችኝ።

ፈቃዱ አለቀና ተመለሰ። መዳኑ የኔና የእናቴ ሥራ ሆነ። መድኃኒቱ ፒሪዶስቲግሚን ይባላል፤ በየጥቂት ሰዓቱ ይዋጣል፤ አገር ውስጥ የሚጠፋበት ጊዜ ስለነበር ከውጭ የሚመጣ ሰው እየተለመነ ነው የሚገኘው። የመከላከያውን ስህተት የሚያበርድ ሌላ መድኃኒት ደግሞ ፊቴን እንደ ጨረቃ አሳበጠው፤ የማያውቁኝ ሰዎች ወፍረሽ ተስማማሽ ይሉኛል። ከወራት በኋላ ከደረቴ አጥንት በስተጀርባ ያለውን ታይመስ የሚባል ዕጢ በቀዶ ሕክምና አወጡልኝ፤ ለብዙ ሕሙማን ይረዳል አሉ፤ እኔን ረድቶኛል። ማገገሙ ቀጥ ብሎ አይሄድም። አንድ ሳምንት ዳንኩ ስል በሚቀጥለው ማበጠሪያ ማንሣት ያቅተኛል። በመጨረሻ ግን በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ድምፄ ሳይሰልል አስተማርኩ። ትምህርት ቤቱ ቦታዬን አልሰጠብኝም ነበር። ርዕሰ መምህሯ በወላጆች ስብሰባ ላይ ስለ ሕመሜ ራሷ ተናገረች፤ እኔ ባልነበርኩበት።

ዛሬም ትንሽ መድኃኒት እወስዳለሁ፤ ደህና ነኝ። የመንገዱ ሥራ አልቆ ዮናስ አዲስ አበባ ገብቷል። ለምታነቡት የምለው ይህን ነው፤ ሕመማችሁን ስትናገሩ ምን እንደሚያማችሁ ብቻ ሳይሆን መቼ እንደሚመጣና መቼ እንደሚሄድ ተናገሩ። ቀን አብሯችሁ የሚውል፣ ማታ አብሯችሁ የሚያመሽ ሰው ካለ፣ እሱ ያየውንም ለሐኪሙ ይንገር። ጸበል የሚሄድም ይሂድ፤ ሐኪም ዘንድ መሄዱን ግን አይተው። የጀመራችሁትን መድኃኒትም ደህና ሆንኩ ብላችሁ በራሳችሁ አትቁረጡ።

አንድ ነገር ይቀረኛል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ዮናስ ለአጭር ፈቃድ መጥቶ ነበር። ወደ ካምፑ ሊመለስ አንድ ቀን ሲቀረው ወደ እንጦጦ እንውጣ አልኩት። ቀስ እያልን፣ ባሕር ዛፉ መሃል በሚያልፈው የእግር መንገድ ወጣን። ቅጠሉ ከእግራችን ሥር ይንኮሻኮሻል፤ ከተማው ከታች በጭጋግ ተሸፍኗል። ሲደክመኝ ግንድ ላይ ተቀመጥን። ከታመምኩ ወዲህ ኮምፒውተሩን ነክቼው አላውቅም ነበር፤ ሲሻለኝ ዝግባን መክፈት እንደምፈልግ፣ ማታ ከካምፕ ሲገባ እንደ ድሮው እንደምጠብቀው ነገርኩት።

ዮናስ ከመሬቱ ደረቅ ቅጠል አነሣ። ከዚያ ጨዋታው እንደተዘጋ ነገረኝ። የሚጫወተው ሰው እያነሰ ሄዶ፣ እኔ ሆስፒታል በነበርኩበት ጊዜ ባለቤቶቹ ቀኑን አስታውቀው ለሁልጊዜው አጠፉት። እስክበረታ ብሎ ነው ያልነገረኝ። በመጨረሻው ቀን እሱ ገብቶ ነበር። ከየአገሩ ያሉ ተጫዋቾች ተሰብስበው ነበር፤ ያቺ ስሟን መጻፍ የማንችለው ድሩይድ የት አለች ብለው ጠየቁት። ታማለች አላቸው። ከዚያ እነሱ ተሰነባብተው ወጡ።

አለቀስኩ። ዕጢ ወጥቶልኝ፣ እየተነፈስኩ፣ ባሌ አጠገቤ ተቀምጦ፣ ስላልነበረች ሴት አለቀስኩ። ደህና ሁኚ እንኳ አላልኳትም። እሱ ግራ ገብቶት ትከሻዬን ያዘ።

«አንተስ ወዲያው ወጣህ?» አልኩት።

«አልወጣሁም። ጫካው መግቢያ ላይ ቆሜ ጠበቅኩሽ።»

«እንደማልመጣ እያወቅክ?»

«እያወቅኩ።»

«እስከ መቼ?»

«ጨለማ እስኪሆን። ስክሪኑ ማለቴ ነው» አለኝ። ቀጥሎ «ሌላ የት ሄጄ ልጠብቅሽ?» አለ።

ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ተነሣን። ቁልቁለቱን ስንወርድ እጁን ያዝኩት፤ ልደገፍበት አልነበረም።